የካቶሊክ ጤናና የአረጋውያን እንክብካቤ ተቋማት ኅብረት፦ የአባልነት መስፈርቱ እንዴት ይጻፍ?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በወሎ ያሉ የካቶሊክ ክሊኒኮች፣ የአረጋውያን ማረፊያዎችና ቤት ለቤት የሚዞሩ የእንክብካቤ ቡድኖች በአንድ ኅብረት እንዲሰባሰቡ መተዳደሪያ ደንብ እየተረቀቀ ነው። ሌላው አንቀጽ ተስማምቶ አልቋል፤ የአባልነት መስፈርቱ ላይ ግን ቆመናል። ረቂቁ አሁን የሚለው "ማንኛውም የካቶሊክ የጤና ወይም የአረጋውያን እንክብካቤ ተቋም አባል መሆን ይችላል" ነው። ሲያነቡት ችግር የለበትም። አመልካቾቹን አንድ በአንድ ስናስገባበት ግን አንዱም ልክ አይመጣም፦

ሀ. በቁምስና (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ግቢ ውስጥ ያለ ክሊኒክ። የጤና ብቃት ማረጋገጫ አለው፤ በራሱ ስም የተመዘገበ ድርጅት ግን አይደለም።
ለ. ገዳማውያት እህቶች የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ማረፊያ። ማኅበራቸው በሌሎች ክልሎችም ይሠራል።
ሐ. አንድ ካቶሊካዊ ሐኪም በንግድ ፈቃድ የከፈተው የግል ክሊኒክ።
መ. አንድ ቅሬ (በወሎ እንደ ዕድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር)። አብዛኞቹ አባላቱ ሙስሊሞች ናቸው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በየቤታቸው ይረዳል፤ ነርሷን የሚልኩለት እህቶች ናቸው።

እነዚህን አራቱን በትክክል የሚያስተናግድ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል? የአሜሪካና የአውስትራሊያ የካቶሊክ ጤና ማኅበራት በምን መንገድ እንደሚሠሩ የምታውቁ ካላችሁም ጻፉልን።

———

ጦሳ_ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለእርስዎ። አብሽሩ፣ ችግሩ ይፈታል። አንቀጹ ያስቸገረው ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለጨመቀ ነው። ባለቤቱ ማን ነው? "ካቶሊክ" የሚለውን ስም የሰጠው ማን ነው? አገልግሎቱን የፈቀደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትኛው ነው? ሦስቱን ሦስት የተለያዩ አካላት ይመልሳሉ፤ ስለዚህ ሦስት ንዑስ አንቀጽ ያስፈልጋቸዋል።

ከስሙ ልጀምር፣ ብዙ ረቂቅ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ተቋሙን ካቶሊክ የሚያደርገው የመሥራቹ እምነትም፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስቀልም፣ የኅብረቱ ጉባኤ ድምፅም አይደለም። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት በጥር 2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሊቀ ጵጵስና ተለይቶ የተቋቋመ ነው፤ ሥርዓቱም የግእዝ ስለሆነ የሚገዛው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) ነው። የዚህ ቀኖና ቁጥር 19 ማንኛውም ሥራ ያለ ሥልጣን ባለው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ ካቶሊክ ተብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል። እንደ ሐረር፣ ሆሳዕና ወይም ሶዶ ያሉት የላቲን ሥርዓት ሐዋርያዊ ግዛቶች ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. ቀኖና ይመራሉ፤ እዚያ ተመሳሳዩ ድንጋጌ ቁጥር 216 ነው፣ ለማኅበራት ደግሞ ቁጥር 300። ኅብረቱ ነገ ከወሎ ወጥቶ አገር አቀፍ ቢሆን ደንቡ አንዱን ቀኖና ብቻ ጠቅሶ እንዳይገኝ ሁለቱንም አሁኑኑ አስገቡ።

በሥራ ላይ ሲውል፦ አመልካቹ ከሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ወይም በጳጳሱ ከተወከለ ባለሥልጣን የተጻፈ ደብዳቤ ያመጣል። የቆሞስ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ደብዳቤ አይበቃም። ቆሞሱ ተቋሙን እንደሚያውቀው ሊመሰክር ይችላል፤ ስሙን የመፍቀድ ሥልጣን ግን የለውም። "ለ" ላይ ያለው የእህቶች ማረፊያ ሁለት ደብዳቤ ይፈልጋል። አንዱ ከማኅበሩ ኃላፊ ይመጣል፣ ንብረቱና ሥራው የማኅበሩ ስለሆነ። ሌላው ከጳጳሱ ይመጣል፣ በሀገረ ስብከቱ ውስጥ የሚሠራ ሐዋርያዊ ሥራ ከጳጳሱ ዕውቅና ውጭ ስለማይሆን።

ኅብረቱ ራሱ ዳኛ ለመሆን ቢሞክር ምን እንደሚገጥመው ለማየት ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። እዚያ ያለው የካቶሊክ ጤና ማኅበር በ1915 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ከ600 በላይ ሆስፒታሎችንና ብዙ የአረጋውያን ተቋማትን ያቅፋል። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. የፊኒክስ ጳጳስ የእናትን ሕይወት ለማዳን ተብሎ በተደረገ የፅንስ ማቋረጥ ምክንያት አንድን ትልቅ ሆስፒታል ካቶሊክ ተብሎ እንዳይጠራ ወሰኑ፤ በጸሎት ቤቱ ቅዳሴ ቀረ፣ ቅዱስ ቁርባኑም ወጣ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በሕክምናው ውሳኔ ላይ ከሆስፒታሉ ጎን ቆመው በይፋ ተናገሩ። ውሳኔው ግን በዚያ አልተለወጠም፤ የስሙ ባለቤት ጳጳሱ ነበሩና። ሆስፒታሉ እንደ ሆስፒታል ሥራውን ቀጠለ። ደንባችሁ ውስጥ መግባት ያለበት ትምህርት፦ "የካቶሊክነት ማረጋገጫው በሰጪው ሲነሳ ሙሉ አባልነቱ በዚያው ቀን ይቋረጣል" የሚል ግልጽ ቃል ይኑር፤ ጉባኤው ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይሁን። ጉባኤ በጳጳስ ውሳኔ ላይ ድምፅ ከሰጠ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

ስለ ባለቤትነት አንድ ነገር ብቻ፦ አባል የሚሆነው ባለቤቱ ይሁን፣ ሕንፃው አይሁን። በአውስትራሊያም ከሆስፒታሎቹና ከማረፊያዎቹ በላይ በቀኖና የሕግ ሰውነት ያላቸው ባለአደራ አካላት አሉ። እህቶቹ ቁጥራቸው ሲያንስ ሥራውን ያስረከቡት ለእነዚህ ነው፤ ሜሪ ኤከንሄድ ሚኒስትሪስ የሚባለው አንዱ ነው። ክሊኒኩ ሊዘጋ፣ ሊዛወር ወይም ስሙን ሊለውጥ ይችላል። ባለቤቱ ግን ይቆያል፤ የሚጠየቅና የሚፈርምም እሱ ነው።

———

ሐይቅ_ዳር፦

ጦሳ_ሥር የጻፉት የቤተ ክርስቲያኑን ወገን ነው፣ ልክም ነው። የአገሩ ሕግ ግን አንድ እንቅፋት አለው፤ እሱ ካልታየ ረቂቁ መዝጋቢው ጋ ደርሶ ይመለሳል።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የድርጅቶች ኅብረት የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚመሠርቱት ነው። ይኸው አዋጅ በሃይማኖት ተቋማት ላይ፣ እንዲሁም እንደ ዕድርና ዕቁብ ባሉ ባህላዊ መሰባሰቢያዎች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። ያ ማለት የእኛ ቅሬም ከአዋጁ ውጭ ነው፣ ቁምስናውም ከአዋጁ ውጭ ነው። "ባለቤቱ አባል ይሁን" ብላችሁ ሀገረ ስብከቱን ራሱን በአባልነት ብትጽፉ፣ መዝጋቢው "ይህ የሃይማኖት ተቋም ነው፣ የድርጅት የምስክር ወረቀቱ የታለ?" ይላችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን እንደምትይዙ ነው።

አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆይ የጋራ መድረክ ነው። ጳጳሱ ያቋቁሙታል፣ ደንቡን ያጸድቃሉ፣ በሀገረ ስብከቱ የሕግ ሰውነት ሥር ይሠራል። ቁምስናም፣ ገዳምም፣ ክሊኒክም ያለ ጣጣ ይገባሉ። የሚጎድለው፦ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ውል አይዋዋልም፣ ከለጋሽ ጋር በቀጥታ አይፈራረምም።

ሁለተኛው የተመዘገበ ኅብረት ነው። የራሱ ሰውነት ይኖረዋል፤ አባላቱ ግን የተመዘገቡ ድርጅቶች መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ መውጫው አላት፤ ማኅበራዊና ልማት ሥራዋን ለዚሁ በተመዘገበ አካል በኩል ነው የምትሠራው። "ሀ" ላይ ያለው ክሊኒክ አባል የሚሆነው በዚህ አካል በኩል ነው። ያ አካል በአካባቢው ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ልብ በሉ፦ ቅርንጫፍ የራሱ ሰውነት የለውም፣ ስለዚህ ማመልከቻውን የሚፈርመው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ አለዚያም ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ውክልና ይሰጣል። ውክልናው "በኅብረቱ አባል ለመሆን፣ መዋጮ ለመክፈልና በጉባኤ ድምፅ ለመስጠት" ብሎ ሦስቱን ለየብቻ ይዘርዝር። "ጉዳዩን ለመከታተል" የሚል ውክልና ድምፅ ለመስጠት አያበቃም።

የመዝጋቢው ነገር፦ የፌዴራሉ ባለሥልጣን የሚመዘግበው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። ሥራችሁ ከወሎ ሳይወጣ በአማራ ክልል ብቻ የሚቆይ ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው። "ለ" ላይ ያሉት እህቶች በሌላ ክልልም ስለሚሠሩ በፌዴራል የተመዘገቡ ሳይሆኑ አይቀሩም። ደንቡ ላይ "በፌዴራል ወይም በክልል ሥልጣን ባለው አካል የተመዘገበ" ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹን አመልካች በራሳችሁ እጅ ታስወጣላችሁ።

የሐኪሙ የግል ክሊኒክ (ሐ) በተመዘገበ ኅብረት ውስጥ ሙሉ አባል ሊሆን አይችልም። ለትርፍ የተቋቋመ ንግድ ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አይደለም። የሐኪሙ ካቶሊካዊነት ይህን አይለውጠውም። ሐኪሙ በግላቸው በሙያ ኮሚቴ እንዲያገለግሉ በር ክፈቱላቸው፤ የክሊኒካቸውን ስም ግን በአባላት ዝርዝር ውስጥ አታስገቡ። ሕመምተኛው ዝርዝሩን አይቶ ክሊኒኩ ቤተ ክርስቲያን የምትቆጣጠረው ነው ብሎ ያምናል፤ የሒሳብም የሕክምናም ጥፋት ቢመጣ ኅብረቱ የማይመልሰው ጥያቄ ይመጣበታል።

አንድ የገንዘብ ወጥመድም አለ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢው በ20 በመቶ ይገድባል። በአባላት መዋጮ ብቻ የሚኖር ኅብረት ገንዘቡ ሁሉ ለጸሐፊ ደመወዝና ለቢሮ ኪራይ ከሄደ ጣሪያውን ወዲያው ያልፋል። ሥልጠና፣ የጋራ መድኃኒት ግዢና የጥራት ክትትል በዕቅዱ ውስጥ እንደ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሪያው ይግቡ።

———

ወረባቦ_ልጅ፦

እኔ ስለ ቅሬው ልጻፍ፤ በወሎ ይህን አንቀጽ የሚፈትነው እሱ ነው።

ቅሬው ካቶሊክ አይደለም፣ ልሁንም አላለም። ሐይቅ_ዳር እንዳሉት በአዋጁም የሚመዘገብ ድርጅት አይደለም። ሙሉ አባል አይሆንም። ነገር ግን ወሎ ውስጥ አረጋዊ የሚጦረው በዋናነት በቤቱና በጎረቤቱ ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው፣ ማን ብቻውን እንደሚያድር የሚያውቀው ቅሬው ነው። እሱን ያስወጣ ኅብረት የአረጋውያን እንክብካቤን ከስሙ ላይ ቢያነሳ ይሻለዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ክፈቱ፦ "ተባባሪ አባል" በሉት። ይሰበሰባል፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ሥልጠናና ግዢ ይጋራል፤ ድምፅ ግን የለውም፣ "ካቶሊክ" የሚለውን ስምም አይጠቀምም። የተባባሪነቱ ሰነድ ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለይ የአንድ ገጽ የስምምነት ደብዳቤ ይሁን። ቅሬው በዳኛውና በጸሐፊው ይፈርማል፤ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል።

የሥነ ምግባር ግዴታውንም በደረጃው ልክ ክፈሉት። ሙሉ አባል በሥሩ ባለው አገልግሎት ሁሉ የቤተ ክርስቲያንን የሕክምና ሥነ ምግባር ይቀበላል። የአውስትራሊያው ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ለጤናም ለአረጋውያንም ተቋማት የሚሆን አንድ የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥቷል፤ ጤናውንና አረጋውያኑን በአንድ ሰነድ መያዙ ለእናንተም ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ አገር ይህ በግልጽ መጻፍ ያለበት ምክንያት አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥን በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ይፈቅዳል፣ የካቶሊክ ተቋም ግን አይሰጥም። አመልካቹ ይህን አስቀድሞ አውቆ ይፈርም፤ ከገባ በኋላ የሚያውቀው ከሆነ ጠብ ነው። ተባባሪው ቅሬ ግን የሚገደደው በጋራ በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ይሁን። የራሱን አባላት ኑሮ እንዲመራላችሁ አትጠይቁት።

ግዴታው በአንድ ወገን ብቻ አይሁን። ሙሉ አባሉም የሚቀበለው አረጋዊ ሙስሊም ሊሆን እንደሚችል በመስፈርቱ ውስጥ ይግባ፦ እምነት ሳይለይ መቀበል፣ የሶላት ጊዜና ቦታ መጠበቅ፣ ሲያርፉ አጠባውና ቀብሩ በእምነታቸው ሥርዓት እንዲሆን ቤተሰቡን ወይም ቅሬውን ወዲያው ማሳወቅ። የእርድ ነገርም አለ። በወሎ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ አይቀላቀልም፤ የቀን ማዕከል ከሆነ ወይ ሁለት ድስትና ሁለት እርድ፣ ወይም ሽሮና ምስር፣ አንዱ ይወሰን። ይህ ዝርዝር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አይገባም የሚል ይኖራል። ደንቡ ውስጥ ባይገባ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ይግባ፤ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሰው የሚቀየመው በዚህ ነውና።

ሠራተኛም ተወካይም ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር፦ አባሉ ተቋሙ ነው፣ ሰውየው አይደለም። የተቋሙ ሥራ አስኪያጅ ሙስሊም ነርስ ቢሆኑ ተቋሙን ወክለው በጉባኤ መቀመጥ ይችላሉ። የሚያስፈልገው የቦርዱ ቃለ ጉባኤና የውክልና ደብዳቤ ነው።

———

ቧንቧ_ውሃ (ደሴ)፦

በአረጋውያን ወገን ያለው መስፈርት ላይ ልጨምር። እባካችሁ አልጋ አትቁጠሩ። ከጤናው ወገን የመጡ አርቃቂዎች "ቢያንስ ይህን ያህል አልጋ ያለው" ብለው ይጽፋሉ፤ ያኔ ቤት ለቤት የሚሠራው ሁሉ ይወድቃል። በአገራችን ፖሊሲ አረጋዊ የሚባለው ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በቤታቸው ነው። ከአልጋ ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ያለማቋረጥ ቢያንስ አንድ ዓመት የሰጠው አገልግሎት፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ የተከፈተ መዝገብ፣ የሙያ ፈቃዷ የታደሰ ነርስ በኃላፊነት መመደቧ፣ እና የቅሬታ መቀበያ ሥርዓት። መዝገቡ ውስጥ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት፣ የመውደቅ አደጋ፣ የተኙ ከሆነ የጀርባና የተረከዝ ቆዳ ሁኔታ፣ እንዲሁም የቅርብ ዘመድ ስም ካልሰፈረ እሱ የዕርዳታ ማከፋፈያ ስም ዝርዝር እንጂ የእንክብካቤ መዝገብ አይደለም።

ፈቃዱም ከሁለት ቤት ነው የሚመጣው። ክሊኒኩ ከጤናው መዋቅር ነው፤ የብቃት ማረጋገጫው በየዓመቱ ይታደሳል። የአረጋውያን ማረፊያ ወይም የቀን ማዕከል ግን ጉዳዩ የማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር ነው። ማረፊያው ውስጥ የመድኃኒት ክፍልና መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ ሁለቱንም ይጠይቃል። "የታደሰ ፈቃድ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ "ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ አገልግሎት" የሚለውን ጨምሩበት።

የማመልከቻው ጥራዝ፦

1. የባለቤቱ ቦርድ ወይም የበላይ አካል አባል ለመሆን የወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣
2. የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የጸደቀ መተዳደሪያ ደንብ፣
3. የጳጳሱ ደብዳቤ፣ ለገዳማውያን የማኅበሩ ኃላፊም ደብዳቤ፣
4. በሥሩ ያሉ አገልግሎቶች ዝርዝር ከነፈቃዳቸው፣
5. የመጨረሻው በጀት ዓመት የሒሳብ ሪፖርት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣
6. የተወካዩና የተለዋጩ ተወካይ የውክልና ደብዳቤ።

የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰነድ መጥፋቱ አይደለም፣ የስም አለመግጠም ነው። በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ስም፣ በማኅተሙ ላይ ሌላ፣ በጤና ፈቃዱ ላይ ሦስተኛ ይገኛል። ክሊኒኩ በቅዱሱ ስም ይጠራል፣ ፈቃዱ በቁምስናው ስም ወጥቷል፣ የባንክ ሒሳቡ በልማት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ስሞቹ የአንድ ባለቤት መሆናቸውን ባለቤቱ በአንድ ደብዳቤ ያረጋግጥ፤ በቀጣዩ እድሳት ጊዜ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ይስተካከል። ሁለተኛው ጣጣ የቀን ነው፦ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ የእህቶቹ የማኅበር ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሆንና ፈቃዱ ያለፈበት ይመስላል። ቅጹ ላይ ሁለቱንም የሚያስሞላ ቦታ ተዉ።

አንድ ነገር በተለይ ለወሎ፦ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ጽሕፈት ቤትና የጤና ተቋም ተዘርፏል፤ ፋይል የሌለው ተቋም ይመጣል። ዋናው ጠፋ ብላችሁ አትመልሱት። ከሰጪው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ እስኪያወጣ ድረስ በጊዜያዊ አባልነት፣ ለምሳሌ ለ12 ወር፣ ተቀበሉት፤ የሥነ ምግባር ግዴታውን ግን ያኔውኑ ይፈርም። የጳጳሱ ደብዳቤ ላይ ጊዜያዊ የለም፤ እሱ አዲስ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነውና።

———

ቦርከና_ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ረቂቁ መልክ እየያዘ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶናል። አንዱ ድምፅና መዋጮ ነው፦ አንድ ባለቤት ስድስት ክሊኒክ ቢኖረው ስድስት ድምፅ ይኖረዋል ወይስ አንድ? ሁለተኛው አባልነት የሚቋረጥበት መንገድ ነው፤ ጦሳ_ሥር የስሙን ጉዳይ ነግረውናል፣ ባለቤት ሲለወጥስ?

———

ሐይቅ_ዳር፦

ድምፁ ለባለቤት አንድ ይሁን። በተቋም ብዛት ከሆነ ባለቤቶች አንዱን ክሊኒክ ሁለት ብለው ማስመዝገብ ይጀምራሉ። መዋጮው ግን እኩል መሆን የለበትም፤ ከዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ በጀት በመቶኛ ይሁን፣ ከታችም ከላይም ወሰን ይኑረው። ለምሳሌ ግማሽ በመቶ ብትሉ 1 ሚሊዮን ብር በጀት ያለው 5,000 ብር ይከፍላል፣ 10 ሚሊዮን ያለው 50,000። የላይኛው ወሰን 30,000 ቢሆን ትልቁ 30,000 ላይ ይቆማል። ወሰኑ የሚያስፈልገው ለትልቁ ብቻ ተብሎ አይደለም፦ ከኅብረቱ ገቢ ግማሹን አንድ አባል የሚከፍል ከሆነ ያ አባል የወጣ ዕለት ቢሮው ይዘጋል። ከበጀቱ ላይ የሕንፃ ግንባታ ገንዘብና በዓይነት የመጣ መድኃኒት ይቀነስ፤ አለዚያ በአንድ ዓመት ማስፋፊያ የሠራ ማረፊያ መዋጮው በድንገት ያብጥበታል።

ድምፅ ለባለቤት አንድ ሲሆን ትልልቆቹ ክሊኒክ ያላቸው ናቸው፣ አረጋውያኑ ጥግ ይይዛሉ። የሥራ አመራር ቦርዱ ሰባት ከሆነ ቢያንስ ሁለቱ መቀመጫ ለአረጋውያን እንክብካቤ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከሁለቱ አንዱ ቤት ለቤት የሚሠራ ይሁን። ይህን በደንቡ አስሩት። በመልካም ፈቃድ የተተወ መቀመጫ በሁለተኛው ምርጫ ይጠፋል።

———

ጦሳ_ሥር፦

ስለ ባለቤት መለወጥ፦ ከአውስትራሊያ አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። በካንቤራ የነበረውን የካልቫሪ የሕዝብ ሆስፒታል የአካባቢው መንግሥት ሕግ አውጥቶ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ወሰደው፤ ስሙም ተለወጠ። ሠራተኛውም፣ ሕንፃውም፣ ሕመምተኛውም እዚያው ናቸው፤ ካቶሊክ ተቋምነቱ ግን አበቃ። ባለቤቱ ካልቫሪ ግን ሌሎች ሆስፒታሎችና የአረጋውያን ቤቶች ስላሉት በማኅበሩ ውስጥ የሚኖረው ቦታ በአንድ ሆስፒታል መሄድ የሚፈርስ አይደለም። ሕንፃው ሳይሆን ባለቤቱ አባል ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፦ አንድ አገልግሎት ሲሄድ ከዝርዝሩ ይሰረዛል እንጂ አባልነቱ አይናጋም።

አንቀጹን እንዲህ ብታዋቅሩት፦ ባለቤቱ ማንኛውንም አገልግሎት ሲሸጥ፣ ሲያስረክብ፣ ሲያከራይ ወይም ሲዘጋ በ30 ቀን ውስጥ ለኅብረቱ ይጽፋል። የተላለፈው አገልግሎት ከዝርዝሩ ይወጣል፤ አዲሱ ባለቤት አባልነትን አይወርስም፣ ከፈለገ እንደ አዲስ ያመለክታል። ከመንግሥት ጋር በውል የሚተዳደር ተቋም ካለ ውሉ የሚያበቃበት ቀን በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻው አገልግሎት የወጣበት ባለቤት ሙሉ አባልነቱ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ሰኔ 30፣ ያበቃል።

መዋጮ ያልከፈለውን ደግሞ ከስሙ ጋር አታገናኙት። ሁለት ዓመት ያልከፈለ ድምፁ ይታገድ፣ አባልነቱ ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያና በጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሆነ አይሰረዝ። ድሃ ማረፊያ ገንዘብ አጥቶ ሲቀር የሚወጣበት ቤት ከሆነ፣ ኅብረቱን በጣም የሚፈልገው አባል መጀመሪያ ይወድቃል።

———

ቧንቧ_ውሃ፦

በጦሳ_ሥር ላይ አንድ ብቻ፦ 30 ቀን የሚለው ማስረከቡ ከመፈጸሙ በፊት ይሁን፣ በኋላ አይሁን። አረጋውያን የሚኖሩበት ማረፊያ ሲተላለፍ ኅብረቱ አስቀድሞ ካወቀ ነዋሪዎቹን የሚቀበል ሌላ አባል መፈለግ ይችላል፤ የእንክብካቤ መዝገቡም ከመድኃኒታቸው ጋር አብሯቸው ይሄዳል። በኋላ ከተነገረው ግን የሚሠራው ስም መሰረዝ ብቻ ነው። ለክሊኒክ 30 ቀን በቂ ነው፣ ለማረፊያ 90 ቀን አድርጉት።